መምህር ካሳ ፓኬጅ ሲለምኑ

ያን ሳምንት ደክሞኝ ነበር። ድካም ለክፉ አፍ ምክንያት እንደማይሆን አሁን አውቃለሁ፤ ቢሆንም የነበርሁበትን ሁኔታ ሳልነግራችሁ ብጀምር ታሪኩ ይጎድላል።

የሺ እባላለሁ። ሙጃ ተወልጄ፣ ሙጃ ተምሬ፣ እዚያው ሙጃ የኮምፒውተር መምህርት ሆንሁ። በጦርነቱ ጊዜ የትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ክፍል ተዘርፎ የግድግዳው ሶኬት ሳይቀር ተነቅሎ ሄደ። ከረጅም ጊዜ በኋላ ከአንድ በጎ አድራጊ አሮጌ ላፕቶፖች መጡልን። ባትሪያቸው የሞተ፣ ሲከፈቱ የሚያቃስቱ ነበሩ። ሰው ሁሉ የለመደው ሥርዓት ሲጫንባቸው ለመነሣት ብቻ አንድ ክፍለ ጊዜ ይጨርሳሉ፤ ቫይረሱም አላስቀምጥ አለ። ስለዚህ አንድ ክረምት ሙሉ ከዝናቡ ጋር ተዘግቼ በሁሉም ላይ ሊኑክስ ጫንሁ።

ሊኑክስን ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። በየአገሩ ያሉ ሰዎች በፈቃዳቸው የሚሠሩት፣ ማንም በነጻ የሚጠቀምበት የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። አንድ ፕሮግራም ስትፈልጉ ከማከማቻው ተዘጋጅቶና ተፈትኖ የተቀመጠውን ታወርዳላችሁ፤ ያ የተዘጋጀው ፓኬጅ ይባላል። ፓኬጅ ያልተሠራለት ፕሮግራም ያልተፈጨ እህል ማለት ነው። አለ ይባላል እንጂ አይጋገርም፤ አንድ ሰው ተቀምጦ አበጥሮ፣ ፈጭቶ ማቅረብ አለበት። ያ ሰው ደመወዝ የለውም። በአማርኛ የምንነጋገር የሊኑክስ ተጠቃሚዎች በኢንተርኔት አንድ ግሩፕ አለን፤ ፓኬጅ የሚሠሩልን ሦስት አራት ሰዎችም እዚያው ናቸው። በስም እንጂ በመልክ አላውቃቸውም ነበር።

መምህር ካሳ ደግሞ የታሪክ አስተማሪያችን ናቸው። እኔንም ዘጠነኛ ክፍል አስተምረውኛል። የገነተ ማርያም ሰው ናቸው፤ በስምንት ዓመታቸው ኩፍኝ ዓይናቸውን ወሰደው። ቀድሞ የሚጽፉትን በድምፅ የሚያነብላቸው አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነበራቸው፤ ፈተናቸውን ራሳቸው ይጽፉ ነበር። እሱ ከተበላሸ ወዲህ ግን ፈተና በደረሰ ቁጥር ጊዜ ያለውን መምህር እየፈለጉ ያጽፋሉ።

ሰኞ ጠዋት ርእሰ መምህሩ አቶ ደምሴ ሰበሰቡንና ከበላይ የመጣ ደብዳቤ አነበቡልን። ከዚህ መንፈቅ ጀምሮ እያንዳንዱ መምህር ፈተናውን በገዛ እጁ በኮምፒውተር ያዘጋጃል። አርብ ዕለት በኮሚቴ ፊት ቀርቦ አምስት ጥያቄ ጽፎ ያሳያል። ያልቻለ፣ እስኪችል ድረስ «ሌላ ሥራ» ይመደባል። ሌላ ሥራ ማለት ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ የመጻሕፍቱ መጋዘን ነው፤ መስኮት የሌለው፣ ጠዋት ከፍቶ ማታ የሚዘጋ ሰው ብቻ የሚፈልግ።

ሁሉም ወደ መምህር ካሳ ዞረ። እሳቸው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አርብ በስንት ሰዓት ነው?»

ስብሰባው ሲበተን ክንዳቸውን ይዤ ስወጣ «አይጨነቁ መምህር፤ እስከ አርብ ላፕቶፑን አናግሬ እሰጥዎታለሁ» አልኋቸው። ቃል መግባት ሁልጊዜ ይቀለኛል።

አንደበት የሚባል ፕሮግራም እንዳለ አውቅ ነበር። የአማርኛ ጽሑፍ በድምፅ ያነባል። አንድ ሰው ሠርቶ ኮዱን፣ ያልተፈጨውን እህል ማለት ነው፣ ለሕዝብ ለቆታል፤ ፓኬጅ ግን የለውም። ማክሰኞ ስድስት ክፍለ ጊዜ አስተምሬ፣ ምሳ ሳልበላ ከኮዱ ለመሥራት ተቀመጥሁ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ሦስት ጊዜ አወረድሁት። ሦስት ጊዜም አንድ ቦታ ላይ ደርሶ ቆመ፤ የሆነ ፋይል ጠፋብኝ ይላል። ፋይሉን ፈልጌ ሳመጣለት ሌላ ይጠይቃል። አሥር ሰዓት ሲሆን ተስፋ ቆርጬ ተውሁት። ግሩፑን ከፍቼ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦

«ለዓይነ ስውራን የሚሆን የአማርኛ ድምፅ ለምን የለም? ይሄ እንኳ የሌለው ሥርዓት ምን ሊረባ ነው? እስከ ሐሙስ አዘጋጁ። አስቸኳይ ነው!!!»

አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሰይድ የሚባል ሰው መለሰ፦ «ጥያቄው ተዘግቷል። የፓኬጅ መጠየቂያ ደንቡን አንብበው በዚያ መሠረት ያቅርቡ።»

ተዘግቷል! ደሜ ፈላ። ሳላስብ ጻፍሁ፦

«ደንባችሁን ለራሳችሁ። ከተማ ተቀምጣችሁ፣ መብራትና ኔትወርክ ጠግባችሁ ደንብ ትጽፋላችሁ። እዚህ አንድ ዓይነ ስውር ከሥራው ሊፈናቀል ነው። ሰው ብትሆኑ ይገባችሁ ነበር።»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ስልከው ደስ አለኝ። ለዓመታት ለማን እንደምናገረው ያላወቅሁትን ንዴት ሁሉ ለዚያ ለማላውቀው ሰው ሰጥቼው ቀለል አለኝ። ደስታው የቆየው ሻይ እስክጠጣ ድረስ ነው። ስመለስ እስከ ነገ ስድስት ሰዓት በግሩፑ ውስጥ እንዳልጽፍ ታግጃለሁ።

ረቡዕ ጠዋት በእረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ገባሁ። መምህር ካሳ መስኮቱ አጠገብ ፀሐይ እየሞቁ ተቀምጠዋል። የእግሬን ኮቴ ያውቁታል።

«የሺ፣ ምን አሉሽ ሰዎችሽ?»

«እምቢ አሉን፣ መምህር። ደንብ ደንብ ይላሉ እንጂ ሰው አይሰሙም።»

«ምን ብለሽ ጠየቅሻቸው?»

«ያው የአማርኛ ድምፅ እንደሚያስፈልገን ነዋ።»

«እስቲ አንብቢልኝ።»

ስልኬን አውጥቼ ማንበብ ጀመርሁ። እያነበብሁ አለዝበው ጀመር። «ምን ሊረባ ነው» የሚለውን ዘለልሁት። «አዘጋጁ» ያልሁትን «ብታዘጋጁልን» አደረግሁት። መምህር ካሳ እጃቸውን አነሡ።

«ሰው ሲያነብልኝ ስንት ዘመኔ መሰለሽ? የሚያነብ ሰውና እየፈጠረ የሚናገር ሰው ድምፁ ይለያል። እንደ ተጻፈው አንብቢልኝ።»

እንደ ተጻፈው አነበብሁት። ሁለተኛውንም። ድምፄ እየወረደ ሄደ። «ሰው ብትሆኑ ይገባችሁ ነበር» ከሚለው ስደርስ ማዶ ደብተር ያርም የነበረ ባልደረባችን ቀና ብሎ አየኝና መልሶ አቀረቀረ።

መምህር ካሳ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ከዚያ «ይህ በእኔ ስም ነው የሄደው?» አሉኝ።

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ያሳደጉኝ መምህር ናቸው፤ በእሳቸው ችግር አሳብቤ የራሴን ብሶት ተወጥቻለሁ።

«እኔ እኮ ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ ስለምን የኖርሁ ሰው ነኝ» አሉ። «ሳንቲም አይደለም። ይህ ምን ይላል፣ በሩ ወዴት ነው፣ የመጣው ማን ነው እያልሁ ነው። ሳልለምን የዋልሁት ቀን የለም። ልመና ሙያ ነው፣ የሺ። የማይችልበት ሰው በጠራራ ፀሐይ ሜዳ ላይ ይቀራል።»

«አውቃለሁ፣ መምህር።»

«አታውቂውም። በወጣትነቴ ደሴ መናኸሪያ ቆሜ፣ ሰው የለም ወይ! ብዬ ጮህሁ። ያ ሁሉ ሕዝብ እያለ አንድ ሰው አልመጣም። ሁሉም፣ ሌላው ይሄድለታል ይላላ። ጩኸቱ ሲደክመኝ አጠገቤ ሻንጣ ሲያስቀምጥ የሰማሁትን ሰው፣ ወንድሜ፣ የወልዲያ መኪና የሚቆምበት ድረስ አድርሰኝ፤ ጊዜ ከሌለህ አቅጣጫውን ብቻ ንገረኝ አልሁት። ሻንጣውን ትቶ አደረሰኝ። ልብ አድርጊ፤ የምፈልገውን ለይቼ ነገርሁት፤ እምቢ የሚልበትንም በር ተውሁለት።»

ትንሽ አሰቡና ጨመሩ።

«መንገድ የሚያሻግርሽ ሰው የራሱ መንገድ አለው። እሱን አቁሞ ነው አንቺን የሚያሻግርሽ። አሁን ያን ደንባቸውን አንብቢልኝ።»

አፈርሁ፤ ደንቡን እኔም አንብቤው አላውቅም ነበር። ከፈትሁት። አንድ ገጽ አይሞላም። መጀመሪያ ፓኬጁ በማከማቻው ውስጥ አለመኖሩን ይፈልጉ፣ ይላል። የፕሮግራሙን ስም፣ ኮዱ የሚገኝበትን ቦታና በምን ፈቃድ እንደተለቀቀ ይጻፉ። ለምን እንደሚያስፈልግዎ ይንገሩን። ራስዎ የሞከሩትንና የት ላይ እንደቆመብዎ ያስረዱ። ሠሪዎቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸውና ቀነ ገደብ አይስጧቸው። ሲደርስ በመፈተን ሊያግዙ የሚችሉ ከሆነ ይግለጹ።

መምህር ካሳ ፊታቸው እየፈካ ሄዶ በመጨረሻ ሳቁ።

«ይህን የጻፈው ሰው ዓይነ ስውር ነው እንዴ?»

«ኧረ እንጃ፣ ለምን?»

«አንድ በአንድ እኔ የማደርገው ነዋ! ሰው ከመጥራቴ በፊት ጠረጴዛውን በእጄ እዳብሳለሁ፤ ስንት ጊዜ የፈለግሁት ነገር ከክርኔ ሥር ተገኝቷል። በይ ጻፊ፤ እኔ እናገራለሁ።»

እሳቸው ተናገሩ፣ እኔ ጻፍሁ። ስማቸውን፣ ሥራቸውን፣ ዓይነ ስውር መሆናቸውን። ፕሮግራሙ አንደበት እንደሚባል፣ ኮዱ የት እንዳለ፣ ፈቃዱ ነጻ መሆኑን። የሞከርነውንና የቆመብንን ቦታ፣ የስሕተት መልእክቱን ቃል በቃል። አርብን እንዳልጽፍ ስጠይቃቸው «አርብንማ ንገሪያቸው፤ ግን የእኛ ችግር ሆኖ ይቅረብ እንጂ ለእነሱ ትእዛዝ አይሁን» አሉ። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ይህ ነበር፦ «ጊዜ ባይኖራችሁ አንቀየምም። ቢኖራችሁ ግን ሥራችሁን በጆሮዬ እፈትንላችኋለሁ፤ ጆሮዬ ደህና ነው።»

ከታች ስልክ ቁጥሬንና በራሴ ስም ሁለት መስመር ጨመርሁ። ትናንት የጻፍሁት ነውር እንደነበረ፣ ይቅርታ እንደምጠይቅ። እሱን ለመጻፍ ከሌላው ሁሉ የበለጠ ጊዜ ፈጀብኝ። እገዳዬ እንደተነሣ ላክሁት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ክፍል እያለሁ የማላውቀው ስልክ ተደወለ። ወጥቼ አነሣሁት። ከባድ ጩኸት እንጂ ሰው አይሰማም።

«ሄሎ? ሄሎ! ማን ልበል?»

«ሰይድ ነኝ! ከኮምቦልቻ! ቆይ እህቴ፣ ወፍጮውን ላጥፋው!»

ጩኸቱ ቀስ እያለ ሞተ። ከኋላው ሴቶች «ኧረ ተረኛ ነን! ምን ነካህ አንተ ሰውዬ?» ሲሉ ይሰማል። «አብሽሩ፣ አንድ ጊዜ ነው!» አላቸው።

ከተማ ተቀምጦ መብራት የጠገበው ሰው ወፍጮ ቤት የሚሠራ ነው። ሥራ ሲያበቃ ዱቄቱን አራግፎ ነው ፓኬጅ የሚሠራው።

«ሰይድ፣ የትናንቱን...» ብዬ ጀመርሁ።

«ተይው። እኔም ቆሜ፣ ዱቄት በዱቄት ሆኜ፣ በአውራ ጣቴ ነው የዘጋሁት። ወላሂ ደክሞኝ ነበር። እንዲህ ያለ በቀን ስንቱ ይመጣል መሰለሽ።» ድምፁ ጮክ ያለ ነው፤ ሰው ራቅ ብሎ የቆመ ይመስለዋል። «የዛሬውን ግን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። የቆመባችሁን ቦታ ስለነገራችሁኝ ችግሩን ወዲያው አየሁት። ዛሬ እሞክረዋለሁ፤ ኢንሻአላህ ለነገ ጠዋት ይደርሳል። ሁለት ነገር ግን አለ።»

«እሺ፣ ምን?»

«አንደኛ፣ የእኔ ጆሮ ሄዷል። ይሄ ወፍጮ በልቶታል። ድምፁ ልክ ይሁን አይሁን አልለይም፤ ሰውዬው ራሳቸው ቁጭ ብለው ይፈትኑልኝ። ሁለተኛ፣ ፓኬጅ መሥራት የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ሲሰበር የሚጠግነው፣ ሰው ሲጠይቅ የሚመልስለት ይፈልጋል። እኔ የያዝኋቸውንም አልቻልሁም። ባለቤት ከሌለው ማከማቻ አላስገባውም፤ ወላጅ አልባ አደርገዋለሁ።»

«እኔ እይዘዋለሁ» አልሁ።

«አስበሽበታል?»

«አላሰብሁበትም። ግን እይዘዋለሁ።»

ሳቀና ወፍጮውን አስነሣው።

ፋይሉ ለሙጃ ኔትወርክ ይከብዳል። ሐሙስ ክፍለ ጊዜያችንን ለባልደረቦቻችን ሰጥተን፣ ላፕቶፑን በጋቢ ጠቅልዬ፣ ከመምህር ካሳ ጋር በጠዋቱ መኪና ወደ ላሊበላ ተነሣን። አቧራው፣ ኮረኮንቹ፣ ሁለት ጊዜ ወርዶ መገፋቱ። መምህር ካሳ ግንባራቸውን ፊት ለፊታቸው ባለው ወንበር ላይ አስደግፈው ሄዱ። አንድ ጠመዝማዛ ላይ ብቻ ቀና ብለው «ገነተ ማርያም መገንጠያ ደረስን» አሉ። ደርሰን ነበር።

ላሊበላ አብራኝ የተማረች ልጅ በአንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ናት። እንግዳ ግን የለም። በሰፊው አዳራሽ ውስጥ የተሸፈኑ ሶፋዎች፣ ግድግዳው ላይ የቆመ ሰዓት፣ እሷና አንድ ድመት ብቻ። «ኢንተርኔቱ እንደሆን ማን ይጨርሰዋል፤ ተጠቀሙ» አለችን።

አራት ሰዓት ላይ የሰይድ ፋይል ወረደ። ጫንሁት። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ ሰይድን ደወልሁለት። ጽሑፍ ከፈትሁና አስጀመርሁ። ላፕቶፑ አንድ ጊዜ እንደ በር ሲጥ አለና ፕሮግራሙ ተዘጋ።

«ምን አለ?» አለ ሰይድ ከኮምቦልቻ።

«ሲጥ አለና ሞተ» አሉ መምህር ካሳ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ሲጥ ካለ በሕይወት አለ። የስሕተቱን መልእክት ላኪልኝ።»

ላክሁለት። ጠበቅን። ሰይድ አስተካክሎ ሌላ ላከ። ያም ሞተ። ሰባት ሰዓት ሆነ፤ የሙጃ መኪና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይወጣል። እንግዳ ተቀባይዋ የራሷን ምሳ አካፈለችን። መምህር ካሳ ጎርሰው ሳያኝኩ ይቆያሉ፤ ጆሯቸው ከላፕቶፑ አይነሣም። እኔ በልቤ መጋዘኑን እያየሁ ነበር።

ስምንት ሰዓት ሊሞላ ሲል ሦስተኛው መጣ። አስጀመርሁት። ደረቅ፣ አፍንጫ ውስጥ የሚናገር የሚመስል የወንድ ድምፅ «የታሪክ ፈተና» አለ። «ክፍል አሥር።»

መምህር ካሳ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ፤ የሆነ ነገር ሊይዙ የፈለጉ ይመስል።

«ሰይድ» አሉ፣ «ልጄ፣ ይናገራል።»

«እንዴት ነው ድምፁ፣ አባቴ? ሳያዝኑልኝ እውነቱን ይንገሩኝ።»

«እንደ ጉንፋን የያዘው ዲያቆን ነው። ይጠብቅ ይላላ አያውቅም። አለ ሲል ተናገረ ማለቱ ይሁን ይኖራል ማለቱ፣ እኔ ነኝ የምገምተው። ነጥብ ላይ አያርፍም። ሌላው ግን ይሰማል። ሁሉም ይሰማል።»

ሰይድ የነገሩትን አንድ በአንድ እየደገመ ጻፈ። ከዚያ መምህር ካሳ ወደ እኔ ዞረው «የሺ፣ ትንሽ ብቻዬን ተዪኝ» አሉኝ። በረንዳው ላይ ወጣሁ። ከውስጥ ያ ደረቅ ድምፅ ሲያነብ ይሰማኛል፤ ያነባል፣ ይቆማል፣ መልሶ ያነባል። አምና ሌላ መምህር የጻፈላቸውን ፈተና ነበር የከፈቱት። ድምፁ አንድ ቦታ ላይ እየተመለሰ አራት አምስት ጊዜ ሲያነብ ሰምቼ ገባሁ።

«ሰባተኛው ጥያቄ ላይ አንድ ቃል ተለውጧል» አሉኝ። «ያልሆነው የቱ ነው ብዬ ነው ያጻፍሁት። የሆነው የቱ ነው ይላል። በትክክል የመለሱትን ልጆች ሁሉ ስሕተት ብዬባቸዋለሁ።» በዘጠኝ ሰዓቱ መኪና ወደ ሙጃ ተመለስን።

አርብ ጠዋት መብራት የለም።

ትራንስፎርመሩ ነው አሉ። መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። የላፕቶፑ ባትሪ ሲሞላ ለአሥራ ሁለት ደቂቃ ያህል እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ ስንት እንደቀረው ደግሞ አላውቅም። ኮሚቴው አቶ ደምሴና ሁለት መምህራን ናቸው። መምህር ካሳ ተቀመጡ፣ ጣቶቻቸውን ቁልፎቹ ላይ አሳረፉ፣ ጀመሩ።

አንድ ቃል ይጽፋሉ፤ ማሽኑ ያነባል። ሲሳሳቱ ይሰሙታል፤ ያጠፉታል። የመጀመሪያው ጥያቄ አለቀ። ሁለተኛው አለቀ። ከኮሚቴው አንዱ አንገቱን አስግጎ ስክሪኑን ያያል፤ አቶ ደምሴ ሰዓታቸውን ያያሉ። ሦስተኛው አለቀ። እኔ የባትሪዋን ምልክት ብቻ ነበር የማየው፤ ቀይ ሆናለች። ልንገራቸው? ብነግራቸው ይቸኩላሉ፣ ቢቸኩሉ ይሳሳታሉ። ዝም አልሁ።

«አራት» አለ ማሽኑ። «የዛጉዌ ነገሥታት ዋና ከ...»

ጠፋ። የመምህር ካሳ ጣቶች ትንሽ ቆይተው ነው የቆሙት።

«መመሪያው አምስት ነው የሚለው» አሉ አቶ ደምሴ፤ ወደ መሬት እያዩ።

ብድግ አልሁ። አፌ ተከፍቶ ነበር፤ የማክሰኞው ንዴት እንዳለ ተመልሶብኛል። መምህር ካሳ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ፤ ተቀመጥሁ።

«አቶ ደምሴ፣ መብራቱን ያጠፉት እርስዎ አይደሉም። መመሪያውንም እርስዎ አልጻፉትም» አሉ። «አንድ ነገር ልለምንዎ። ሰኞ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የማስተምረው ክፍል የለኝም። መጥቼ የቀሩትን ሁለት ጥያቄዎች ከፊትዎ ልጻፍ። ሰኞም መብራት ከሌለ፣ ወይም እርስዎ አይቻልም ካሉ፣ ቁልፉን ተቀብዬ መጋዘን እገባለሁ። አልቀየምዎትም።»

አቶ ደምሴ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው አሹ። እሳቸውም የደከሙ ሰው መሆናቸውን ያኔ ነው ያየሁት።

«ሰኞ ይሁን» አሉ። ቀጥለውም ዝቅ ባለ ድምፅ «እኔም በሁለት ጣት ነው የምጽፈው፣ መምህር» አሉ።

ሰኞ መብራት መጣ። መምህር ካሳ ሁለት ጥያቄ ሲጠበቅባቸው አምስቱንም ከመጀመሪያው ጀምረው ጻፉ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ክፍላቸው ውስጥ ቆዩ። አሁን ገነተ ማርያም እህታቸው ዘንድ ናቸው፤ አዲስ ሥሪት ባወጣሁ ቁጥር ይፈትኑልኛል፤ ጉንፋኑ ገና አልለቀቀውም ይሉኛል።

ሰይድ በዓመቱ ከግሩፑ ወጣ። ማንንም አልወቀሰም፤ ጉልበቴ አለቀ፣ አብሽሩ ብሎ ተሰናበተ። በአካል ሳላየው ቀረሁ። ከያዛቸው ፓኬጆች ግማሹ ወደ እኔ መጣ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ የተለወጥሁት በዚያች ሳምንት ነው ብዬ ብነግራችሁ ደግ ሰው የሆንሁ እንዳይመስላችሁ። አሁንም ይደክመኛል፤ አሁንም ይከፋኛል። የተለወጠው የምቆምበት ቦታ ነው። ዛሬ ጥያቄውን የምቀበለው እኔ ነኝ። ከሥራ ስወጣ ስልኬን ስከፍት «ለምን የለም»፣ «አዘጋጁ»፣ «አስቸኳይ» ተደርድረው ይጠብቁኛል። የራሴን መልእክት በሌላ ሰው ስም ደግሜ ደግሜ አነባለሁ። ብዙ ቀን መልስ ሳልሰጥ ስልኩን አስቀምጣለሁ። ከማላውቀው ሰው ሥራ ስትለምኑ፣ ለምኑ፤ ሳትለምኑ አትቅሩ። ግን የምትጽፉትን ከመላካችሁ በፊት ለምታከብሩት ሰው ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡለት። እኔ ሌላ ምክር የለኝም።

ባለፈው ወር አንድ ሰው «ይሄ ድምፅ ቆሻሻ ነው፤ ካልቻላችሁ ለምን ትሠራላችሁ?» ብሎ ጻፈ። ልዘጋው አውራ ጣቴን አዘጋጅቼ ነበር። የዚያን ቀን አራት ክፍል ፈተና ሳርም ውዬ ዓይኔ ይቆጠቁጠኝ ነበር። ተነሥቼ ፊቴን ታጠብሁና ተመልሼ «ይቅርታ፤ የትኛውን ቃል ነው የሚያበላሸው?» ብዬ ጠየቅሁት።

መልሱ ዘገየ። በማግስቱ ነው የመጣው።

«የልጄን ስም» ይላል። «ሐና ናት። ማሽኑ ሲጠራት ሌላ ሰው ትሆንብኛለች።»

ና ጠብቆ መነበብ ሲገባው ማሽኑ ያላላው ነበር። ስሟን ከሚጠብቁት ቃላት ዝርዝር ውስጥ አስገብቼ፣ ሞክሬ፣ ላክሁለት። በሦስተኛው ቀን አንዲት ቃል ጻፈልኝ።

«ጠራት።»